ዕቃን ዳግም መጠቀም፣ ለሌላ አገልግሎት ማዋልና መልሶ ማምረት፤ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

በደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ዕቅዶችና ሪፖርቶች ውስጥ «መልሶ መጠቀም» የሚለው ሐረግ በተደጋጋሚ ይነበባል። ይሁን እንጂ በዚህ ሐረግ ሥር ሦስት የተለያዩ ተግባራት ተጠቃለው ሲቀርቡ ይስተዋላል። እነዚህም ዕቃን በነበረበት መልኩ ዳግም መጠቀም፣ ለሌላ አገልግሎት ማዋልና መልሶ ማምረት ናቸው። ሦስቱ የሚጠይቁት ጉልበት፣ ኃይልና ገንዘብ የተለያየ በመሆኑ ለይቶ ማወቁ ለዕቅድ አዘጋጁም ሆነ ለፈጻሚው ይጠቅማል።

ልዩነቱን ከአብዛኛው ቤት በማይጠፋው ባለ 20 ሊትር የዘይት ጄሪካን ማየት ይቻላል። ዘይቱ ሲያልቅ ጄሪካኑ ታጥቦ ውኃ ቢቀዳበት ዳግም መጠቀም ይባላል፤ መያዣነቱ አልተለወጠምና። ሲያረጅ አናቱ ተቆርጦ ችግኝ ቢተከልበት ለሌላ አገልግሎት ዋለ ማለት ነው። ተፈጭቶና ቀልጦ አዲስ የፕላስቲክ ዕቃ ሲሠራበት ደግሞ መልሶ ማምረት ይሆናል።

ዳግም መጠቀም ከሦስቱ አነስተኛ ወጪ የሚጠይቀው ነው። የቢራና የለስላሳ መጠጥ ጠርሙሶች ወደ ፋብሪካ ተመልሰው ታጥበው እንደገና መሞላታቸው ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። በየሰፈሩ እየዞሩ ያረጁ ዕቃዎችን የሚገዙት ቁራሌዎች፣ እንዲሁም አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብለው በምትኩ የቤት ዕቃ የሚሰጡት ልዋጮች ዕቃው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እንዲሻገር በማድረግ ዕድሜውን ያራዝማሉ።

ለሌላ አገልግሎት ማዋል የዕቃውን ቁስ ሳያቀልጡ ቅርጹንና ተግባሩን መለወጥ ነው። በአዲስ አበባ መርካቶ የሚገኘው ምናለሽ ተራ በዚህ ሥራ ይታወቃል። ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ፣ ከጣሳ ኩራዝ፣ ካገለገለ የመኪና ጎማ በረባሶ ጫማ መሥራት በአገራችን የቆየ ሙያ ነው። ሆኖም ይህ ተግባር ወሰን አለው። የፀረ ተባይ ወይም የሌላ መርዛማ ኬሚካል መያዣ የነበረ ዕቃ፣ ታጥቦም ቢሆን፣ ለውኃም ሆነ ለምግብ መዋል የለበትም።

መልሶ ማምረት ፋብሪካ፣ ኃይልና የተለየ ጥሬ ዕቃ ይፈልጋል። ጥቅሙም እንደ ቁሱ ዓይነት ይለያያል። አሮጌ አሉሚኒየምን አቅልጦ መጠቀም ከማዕድኑ ከማምረት ጋር ሲነጻጸር 95 በመቶ ያህል ኃይል ይቆጥባል። ብርጭቆ ጥራቱ ሳይቀንስ ደጋግሞ ይቀልጣል። የወረቀት ጭረት ግን በተመላለሰ ቁጥር ስለሚያጥር ወረቀትን ያለማቋረጥ መልሶ ማምረት አይቻልም። ኅብረተሰቡ «ሃይላንድ» እያለ የሚጠራው የውኃ ፕላስቲክም በሂደቱ ጥራቱ ሊቀንስ ይችላል። ወረቀት ከምግብ ትርፍራፊ ጋር ከተደባለቀ ዋጋውን ያጣል። ስለዚህ ውጤቱ የሚወሰነው በፋብሪካው ብቻ ሳይሆን ቆሻሻው ከቤትና ከቢሮ ሲወጣ ተለይቶ በመውጣቱ ጭምር ነው።

ቆሻሻን አቃጥሎ ኃይል ማመንጨት ከሦስቱ ከየትኛውም አይመደብም። በ2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ማመንጫ ዓይነት ተቋም የቆሻሻውን መጠን ይቀንሳል፤ የተቃጠለው ቁስ ግን ተመልሶ ዕቃ አይሆንም።

ልዩነቱ በሕግም ላይ አሻራ አለው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ለማምረትም ሆነ ከውጭ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ደንግጎ ነበር። ስስ ከረጢት ቶሎ ስለሚቀደድ ዳግም ለመጠቀም አይመችም፤ ቀላል በመሆኑም ሰብስቦ መልሶ ለማምረት አያዋጣም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው አዲስ አዋጅ እገዳው ሰፍቷል።

ጉዳዩ የቃላት አጠቃቀም ብቻ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ እየተባለ በሚጠራው ሥፍራ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ለአሥርት ዓመታት ወደዚያ ከተጓጓዘው ውስጥ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ዳግም ሊያገለግል የሚችል ዕቃም ይገኝበት ነበር።

በመሆኑም አንድ ዕቃ ከመወገዱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ማንሳት ይገባል። እንዳለ ያገለግላል ወይ? ካልሆነ ለሌላ ተግባር ይውላል ወይ? ይህም ካልሆነ ተለይቶ ለመልሶ ማምረት ይሰጣል ወይ? ሪፖርት በሚዘጋጅበት ጊዜም የሦስቱን መጠን በየራሱ መመዝገብ የትኛው ሥራ ውጤት እንዳመጣና የትኛው ድጋፍ እንደሚያሻው ለማወቅ ያስችላል።