የክሬጂን ቃልና የማሕፀን ጠባሳ
በኦፕራሲዮን ከወለዱ በኋላ በምጥ የመውለድ ታሪክ በአሜሪካ

በማዋለድ ሕክምና ታሪክ ውስጥ የአንድ ሐኪም አንዲት ዓረፍተ ነገር የብዙ ሺህ እናቶችን አወላለድ ስትወስን ኖራለች። የኒውዮርኩ የማዋለድ ሕክምና መምህር ዶክተር ኤድዊን ክሬጂን በ1916 ዓመተ ምሕረት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሥራ ባልደረቦቻቸው «አንድ ጊዜ በኦፕራሲዮን የወለደች ሁልጊዜም በኦፕራሲዮን» የሚል ቃል አሰሙ። ቃሉ በመሠረቱ ለሐኪሙ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነበር። የመጀመሪያውን ኦፕራሲዮን ያለ በቂ ምክንያት የሚያደርግ ሐኪም የእናቲቱን ቀጣይ ወሊዶች ሁሉ አደጋ ላይ እንደሚጥል እንዲያስብ ለማሳሰብ ነው። ዶክተር ክሬጂን ራሳቸውም ከደንቡ ውጭ የሚሆኑ እናቶች መኖራቸውን አልካዱም። ዳሩ ግን ማስጠንቀቂያው ውሎ አድሮ በእናቶች ላይ የተላለፈ ፍርድ ሆነ።

ለጊዜው ሥጋቱ ተገቢ ነበር። በዚያን ዘመን ማሕፀን የሚቀደደው ከላይ ወደ ታች፣ በምጥ ጊዜ አጥብቆ በሚኮማተረው የላይኛው ክፍል ላይ ስለ ነበር፣ ጠባሳው በሚቀጥለው ምጥ የመተርተር ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም ሆነ የደም ባንክ አልነበረም። በ1920ዎቹ ግን የግላስጎው ሐኪም ማንሮ ኬር በማሕፀን የታችኛው ክፍል ላይ የሚደረገውን አግድም ቀዶ ጥገና አስፋፉ። ይህ ጠባሳ ከቀድሞው እጅግ የጠነከረ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ደንቡ የተመሠረተበት ምክንያት ሲለወጥ ደንቡም መለወጥ ነበረበት። በአሜሪካ ግን ቀዶ ጥገናው ተለውጦ ቃሉ ባለበት ጸና።

የዚህ ውጤት በቁጥር ታየ። በ1970 በአሜሪካ ከመቶ ወላዶች 5.5 ያህሉ በኦፕራሲዮን ሲወልዱ፣ በ1980 ቁጥሩ ወደ 16.5 ከፍ አለ። ለጭማሪው አንዱ ዐቢይ ምክንያት ኦፕራሲዮኑ ስለ ቀድሞው ኦፕራሲዮን ብቻ መደገሙ ነበር። በ1980 የአገሪቱ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ድርጅት የጠራው የሊቃውንት ጉባኤ የቆየውን ልማድ ጠየቀ፤ በ1982 ደግሞ የአሜሪካ የማሕፀንና የማዋለድ ሐኪሞች ኮሌጅ ተስማሚ ለሆኑ እናቶች ምጥን መሞከር ተገቢ መሆኑን ተቀበለ። በነዚያው ዓመታት እናቶች ራሳቸው ማኅበር አቋቁመው ስለ ሐኪሞችና ስለ ሆስፒታሎች መረጃ ይለዋወጡ ጀመር። በኦፕራሲዮን ከወለዱ በኋላ በምጥ የወለዱት በ1980 ከመቶ 3.4 የነበሩት በ1996 ከመቶ 28.3 ደረሱ።

ይህ እድገት የራሱ ጉድለት ነበረው። አንዳንድ የመድን ድርጅቶች ወጪ ለመቀነስ ሲሉ እናቶች ምጥን እንዲሞክሩ ግፊት ያደርጉ ነበር። ከዚህ የተነሣ ሊመረጡ የማይገባቸው እናቶችም ተሞከሩ፤ የማሕፀን መተርተር አደጋ ሲደርስም ክስ ተከተለ። በ1999 ኮሌጁ አስቸኳይ ኦፕራሲዮን ማድረግ የሚችል ሐኪም «ወዲያውኑ» መገኘት አለበት ሲል መመሪያውን አጠበቀ። ሌሊት የማደንዘዣ ባለሙያ የማያሳድሩ ትንንሽ ሆስፒታሎች አገልግሎቱን አቋረጡ። በ2001 በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በ20,095 እናቶች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። ምጡ በራሱ ሲጀምር ማሕፀን የተተረተረው ከሺህ እናቶች በ5.2 ሲሆን፣ ምጡ በፕሮስታግላንዲን ሲቀሰቀስ ግን በ24.5 ነበር። ጥናቱ በዋናነት ስለ ምጥ አቀሳቀስ የሚያስጠነቅቅ ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎች ስለ ምጥ ራሱ የተሰጠ ውሳኔ አድርገው አነበቡት። በ2004 በምጥ የወለዱት ከመቶ 9.2 ብቻ ሆኑ።

የፈቃደኛ ሐኪም ችግር የመጣው ከዚህ ነው። አንዲት እናት ዕውቀቱም ፈቃዱም ያለው ሐኪም ብታገኝ እንኳ የሚሠራበት ሆስፒታል ይከለክለው ነበር፤ ወይም በመጀመሪያዎቹ ወራት «ይቻላል» ያላት ሐኪም በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አዲስ ቅድመ ሁኔታ ያቀርብ ነበር። ስለሆነም ነገሩን የሚያውቁ እናቶችና አዋላጆች የሐኪሙን መልካም ቃል ብቻ አይሰሙም። የቀድሞውን ኦፕራሲዮን መዝገብ አይቶ የጠባሳውን ዓይነት አረጋግጧልን? የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ለምን ተደረገ? እርግዝናው ከ40 ሳምንት ቢያልፍ ምን ያደርጋል? እርሱ ተረኛ ባይሆን ማን ይተካዋል? ብለው ይጠይቃሉ።

በ2004 የታተመ ሰፊ ጥናት መልሱን በሚዛን አስቀመጠ። ምጥን ከሞከሩ 17,898 እናቶች ከመቶ 73 ያህሉ በምጥ ወለዱ፤ ማሕፀን የተተረተረው ከመቶ 0.7 ነበር። በምጡ ወገን 12 ሕፃናት በአየር እጥረት የአንጎል ጉዳት ሲደርስባቸው፣ ምጥ ሳይሞክሩ ኦፕራሲዮን ከተደረገላቸው ወገን ግን አንድም አልነበረም። በሌላ በኩል ኦፕራሲዮን በተደጋገመ ቁጥር የእንግዴ ልጅ በጠባሳው ላይ ተጣብቆ ብርቱ ደም መፍሰስ የማስከተሉ አደጋ ይጨምራል። ሁለቱም መንገድ አደጋ አለው፤ የሚለየው አደጋው በማን ላይና መቼ እንደሚወድቅ ነው።

በ2010 ብሔራዊው ጉባኤ እንደገና ተሰብስቦ «ወዲያውኑ» የሚለው ግዴታ እንዲመረመር ጠየቀ። በዚያው ዓመት ኮሌጁ የሆስፒታል ደንብ እናትን ያለ ፈቃዷ ለኦፕራሲዮን ማስገደጃ ሊሆን እንደማይገባ አስታወቀ። በ2021 ደግሞ የስኬትን ዕድል ለመገመት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ስሌት ታረመ፤ ቀድሞ የጥቁርና የሂስፓኒክ እናቶችን ዕድል በዘራቸው ምክንያት ዝቅ አድርጎ ያሳይ ነበርና። በምጥ የሚወልዱት ቁጥር ቀስ እያለ ተነሥቶ በ2018 ከመቶ 13.3 ደረሰ፤ ይህም ከ1996ቱ ከግማሽ በታች ነው።

ከዚህ ታሪክ የሙያው ባልደረባ የሚወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። እናትን የሚረዳ ሐኪም ማለት ሁሉን የሚፈቅድ ማለት አይደለም። ጠባሳውን መርምሮ፣ አደጋውን በሁለቱም ወገን በቁጥር ነግሮ፣ «አይሆንም» ሲልም ምክንያቱ የእናቲቱ ሁኔታ ይሁን የሆስፒታሉ የሌሊት ተረኛ እጥረት ለይቶ የሚነግራት ነው። ምክንያቱ የተረኛ እጥረት ከሆነ፣ ወደ ተሟላ ሆስፒታል በጊዜ መላክ የሐኪሙ ግዴታ ነው።