ጣትና መስተዋት

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የስልክን መሣሪያ ወደ ቤተ መንግሥታቸው ባስገቡ ጊዜ፥ ባለቤቱ ሳይታይ ድምፅ ብቻ ከሣጥን ሲወጣ የሰሙ አንዳንድ ካህናትና መኳንንት የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ተቃወሙ ሲነገር እንሰማለን። ይህንንም ታሪክ በሰማን ቍጥር እንስቃለን። ዳሩ ግን የእነዚያ ሰዎች ፍርሃት ከቶ መሠረት የሌለው ነበር ለማለት አልደፍርም። እነርሱ ድምፅ ከሰውዬው ተለይቶ ሲሄድ ሰምተው ደነገጡ። እኛ ግን ድምፁ ብቻ ሳይሆን ፊቱም፥ ገንዘቡም፥ ደብዳቤውም፥ የልጆቹም ሥዕል ከሰውዬው ተለይቶ የመዳፍ ስፋት ባለው መስተዋት ውስጥ ሲገባ እያየን አንደነግጥም።

ነገሬ ስለዚሁ መስተዋት ነው። አንዳንዱ ሰው ስማርት ስልክ ይለዋል፤ አንዳንዱም አሳጥሮ ተች ይለዋል። በጎነቱንም ጕድለቱንም ለመመርመር የፈለገ ሰው አስቀድሞ ከየት እንደ መጣ ሊያውቅ ይገባዋልና፥ ታሪኩን ከሥሩ ጀምሬ በአጭሩ እናገራለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግራሃም ቤል በ1876 ድምፅን በሽቦ ካስተላለፈ በኋላ፥ ስልክ ለብዙ ዘመን ከግድግዳና ከጠረጴዛ ጋር ታስሮ ኖረ። ከእስራቱ የተፈታበት ቀን በደንብ ይታወቃል። በሚያዝያ 3 ቀን 1973 የሞቶሮላ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ማርቲን ኩፐር ከአንድ ኪሎ በላይ የሚመዝን ስልክ በእጁ ይዞ በኒውዮርክ መንገድ ላይ ቆመና ደወለ። የደወለውም ለእናቱ ወይም ለወዳጁ አልነበረም፤ ተወዳዳሪው በሆነው በቤል የምርምር ድርጅት ውስጥ ለሚሠራው ለጆኤል ኤንግል ነበር እንጂ፤ ቀደምንህ ሊለው። እንግዲህ በእጅ ስልክ የተደረገው የመጀመሪያው ጥሪ የኵራት ጥሪ እንደ ነበረ አንባቢ ልብ ይበል።

መስተዋትን በጣት ማዘዝ ግን ከዚህ በፊት በሌላ ስፍራ የተወለደ ነገር ነው። ጆንሰን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በማልቨርን ከተማ በነበረው የራዳር ምርምር ተቋም ውስጥ ሲሠራ፥ በ1965 ስለዚህ አሳብ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። ያሰበላቸውም የአውሮፕላኖችን ጕዞ ለሚቈጣጠሩ ሠራተኞች ነበር። በሰማይ ላይ ብዙ ነፍስ ተንጠልጥሎ ሳለ የተቆጣጣሪው ዓይን ቍልፍ ፍለጋ ወደ ታች እንዳይወርድ፥ ያየውን ነገር እዚያው ባየበት ስፍራ በጣቱ እንዲነካው ፈለገ። እንደገናም በ1970ዎቹ፥ በጄኔቭ አጠገብ ባለው ሴርን በተባለው የምርምር ተቋም ውስጥ ቤክና ስቱምፔ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች፥ ለአንድ ታላቅ መሣሪያ የሚያስፈልጉትን እጅግ ብዙ ቍልፎች ለማስቀረት ሲሉ የሚነካ መስተዋት ሠሩ። ስለዚህ ይህ ነገር በመጀመሪያ የጨዋታ ዕቃ አልነበረም። ጥበቡ ዓይን ከሥራው እንዳይባዝን ሲባል የተወለደ ነበር። ዛሬ ዓይንን ከሥራው፥ ከምግቡና ከባልንጀራው የሚነጥቀው ያው ጥበብ ነው።

ሁለቱ፥ ማለት ስልኩና የሚነካው መስተዋት፥ በአንድ አካል የተገናኙት አይቢኤም በተባለው ኩባንያ ሥራ ነው። ሳይመን የተባለው መሣሪያ በ1992 ለሕዝብ ታይቶ በ1994 ለሽያጭ ወጣ። የቀን መቍጠሪያ፥ የአድራሻ መዝገብና ሰዓት ነበረው፤ ፋክስና የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤም ይልክ ነበር። ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ያህል፥ ዋጋውም ከአገልግሎት ውል ጋር 899 ዶላር ነበር። ባትሪው ግን ለአንድ ሰዓት ያህል ንግግር ብቻ ይበቃ ነበር። 50,000 ያህል ተሽጦ ከጥቂት ወራት በኋላ ቀረ። አንባቢ ሆይ፥ ልጁ ገና ሲወለድ የባትሪን ድካም ይዞ እንደ ተወለደ ተመልከት፤ ይህ ደዌ ዛሬም አልለቀቀውም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ታሪክ ከአንድ የታመመ እጅ የተነሣ ነው። ዌይን ዌስተርማን የተባለ በአሜሪካ በደላዌር ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረ ሰው ጽሑፍ በቍልፍ መምታት እጁን ስላሳመመው፥ ሳይጫኑት በመንካት ብቻ የሚታዘዝ ገበታ ሊሠራ ተነሣ። ከመምህሩ ከጆን ኢላያስ ጋር በ1998 አንድ ትንሽ ኩባንያ አቋቋመ፤ ይህንንም በ2005 አፕል ገዛው። በጥር ወር 2007 ስቲቭ ጆብስ በሳን ፍራንሲስኮ ቆሞ አይፎንን ባሳየ ጊዜ፥ ሕዝቡ በሁለት ጣት ሥዕል ሲለጠጥና ሲሰበሰብ አይቶ ተደነቀ። የማይክሮሶፍት አለቃ የነበረው ስቲቭ ባልመር ግን በዋጋው ውድነትና ቍልፍ በማጣቱ ስቆበት ነበር። መሣቁ እንኳ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ያ የመጀመሪያው ስልክ ተንቀሳቃሽ ሥዕል አይቀርጽም ነበር፤ ጽሑፍንም ከአንድ ስፍራ ገልብጦ ወደ ሌላው መውሰድ እስከ 2009 ድረስ አይችልም ነበር።

ስለ መስተዋቱም አንድ ነገር ልጨምር። ጆብስ የመሣሪያውን ናሙና በኪሱ ይዞ ሲዞር ከኪሱ ያለው የቤት ቍልፍ የፕላስቲክ ፊቱን ጫረው፤ ስለዚህም ፊቱ መስተዋት ይሁን ብሎ አዘዘ ይባላል። ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ መስተዋት ሠሪ ኩባንያ እጅግ የጠነከረ መስተዋት የመሥራትን ጥበብ በ1960ዎቹ አግኝቶ ሳለ፥ ገበያ ስላጣ መዝገብ ውስጥ ከቶት ነበር። መስተዋቱን 400 ዲግሪ ያህል በጋለ የፖታሲየም ጨው ቅልጥ ውስጥ ይነክሩታል። ትንንሾቹ የሶዲየም ቅንጣቶች ሲወጡ ትልልቆቹ የፖታሲየም ቅንጣቶች በስፍራቸው ይገባሉ፤ በሦስት ሰው ወንበር አራት ሰው እንደ ጫነ ታክሲም ይጨናነቃሉ፤ መጨናነቁም ፊቱን ያጠነክረዋል። ብርታቱ እንግዲህ የመጨናነቅ ብርታት ነው። ነገር ግን ከድንጋይ ላይ በማዕዘኑ ከወደቀ ያን ሁሉ ጥበብ በአንድ ቅጽበት ይረሳዋል። ለዚህም የመርካቶ ስልክ ጠጋኞች ምስክሮች ናቸው።

ከበጎነቱ ሁሉ እኔ የማስበልጠው ሌሎች እምብዛም የማያነሡትን ነው፤ ይኸውም ለፊደላችን ያደረገው ውለታ ነው። የጽሕፈት መኪና ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ከሁለት መቶ በላይ የሆነው የፊደላችን መልክ በጥቂት ቍልፎች ላይ አልሰፍር ብሎ ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ብዙ ደከሙ። ሌሎች ደግሞ ለመኪናው ሲሉ ፊደሉ ይቈረጥ፥ ይቀነስ እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ኋላም ባለቍልፉ የእጅ ስልክ በ1999 ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ፥ በእነዚያ ቍልፎች ላይ የተቀረጸው የላቲን ፊደል ስለ ነበረ፥ ሰላምታችንንና ናፍቆታችንን በባዕድ ፊደል እየጻፍን መላላክ ለመድን። በዚያው ዓመት ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ ገባ። የሚነካው መስተዋት ሲመጣ ደግሞ የተቀረጸ ቍልፍ የሚባል ነገር ቀረ፤ ቍልፉ ብርሃን ነውና የፈለጉትን መልክ ይይዛል። ዛሬ አንድ የገጠር ተማሪ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለውን በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ አንድም ፊደል የቈረጠበት የለም።

ያው የቍልፍ መቅረት ግን ለዓይነ ስውራን በመጀመሪያ መከራ ነበር። በባለቍልፉ ስልክ ላይ አምስት ቍጥርን በዳሰሳ ያገኙ የነበሩ ሰዎች፥ እንደ በረዶ የለሰለሰ ፊት ሲሰጣቸው እጃቸው ዳግመኛ ታወረ። በ2009 አፕል በጣት የተነካውን ነገር ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ስልት በስልኩ ውስጥ ከጨመረ በኋላ ነው የተጽናኑት። ሌሎችም ሠሪዎች በኋላ ይህንኑ መንገድ ተከተሉ።

አሁን ወደ ጕድለቱ ልመለስ። ከመስተዋቱ ሥር ከኢንዲየምና ከቆርቆሮ የተሠራ፥ ዓይን የማያየው ስስ ንጣፍ አለ፤ በእርሱም ላይ ጥቂት የኤሌክትሪክ ኀይል ይኖራል። የሰው ገላ ውሃና ጨው ስላለበት ጣት ሲቀርበው ከዚያ ኀይል ጥቂቱን ይስባል፤ መሣሪያውም የጐደለበትን ስፍራ አይቶ ጣቱ የት እንዳለ ያውቃል። ስለዚህ ጥፍርን አያውቅም፤ ጓንት ያጠለቀንም እጅ አያውቅም። የዝናብ ጠብታን ግን ጣት መስሎት ይታለላል። በሥራ የደረቀና ቆዳው የደደረ ጣትም ሲነካው ብዙ ጊዜ አይሰማውም። ከታመመ እጅ የተነሣ የተሠራ መሣሪያ የሠራተኛን እጅ ለይቶ መናቁ ያሳዝነኛል።

ኖኪያ በ2003 ያወጣውን 1100 የተባለ ስልክ የሚያስታውስ ብዙ ነው። አቧራ እንዳይገባበት ቍልፎቹ በአንድ ሽፋን የተሸፈኑ፥ ባትሪው ቀናት የሚቆይ፥ አናቱ ላይ የእጅ ባትሪ ያለበት ነበር። በዓለም ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ሥራው ጥቂት ነበር፤ ያንን ጥቂቱን ሥራ ግን መብራት ቢጠፋም፥ ዝናብ ቢጥልም አያስተጓጕልም ነበር።

በአንድ የነሐሴ ማታ ወንድሜን ሆስፒታል አስተኝቼ ለዘመድ ልደውል ከበር ወጣሁ። ዝናቡ በመስተዋቱ ላይ ሲወርድ ስልኩ እኔ ያላዘዝሁትን እየከፈተና እየዘጋ ይቅበዘበዝ ጀመር፤ በሸሚዜ ጠርጌ እንደገና ስሞክር ባትሪው አለቀ። የበሩ ዘበኛ አይቶኝ በላስቲክ የታሰረች ባለቍልፍ ስልኩን ሰጠኝ። ተቀበልሁት፤ ነገር ግን ጣቴ ከቍልፎቹ ላይ ቆሞ ቀረ። የባለቤቴንም፥ የእኅቴንም፥ የልጄንም ቍጥር አላውቀውም ነበር። በአእምሮዬ የመጣው በልጅነቴ ያጠናሁት የአባቴ ቤት የስልክ ቍጥር ብቻ ነበር፤ ያ ቤት ደግሞ ከፈረሰ ቈይቷል፤ በላዩም መንገድ ወጥቶበታል። ዘበኛው ምን ሆነህ ነው ቢለኝ ለመንገር አፈርሁ። ስልኩን መለስሁለትና በዝናቡ ውስጥ ታክሲ ፍለጋ ሄድሁ። ከዚያ ወዲህ አራት ቍጥር በወረቀት ጽፌ በቦርሳዬ ይዤአለሁ፤ በቃሌ ግን እስከ ዛሬ አላጠናኋቸውም።

ከሁሉ የሚከብደውን ለመጨረሻ አቈይቼዋለሁ። ዱሮ ልጁ ባሕር ተሻግሮ የሄደበት ሰው ናፍቆቱን በካሴት ቀድቶ በመንገደኛ ይልክ ነበር፤ መልሱም እስኪመጣ ወራት ያልፉ ነበር። አሁን በቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ማታ ወጥ ቤት ሆና የእናቷን ፊት ታያለች። ይህን በጎነት የሚያቃልል ሰው ልጁ ያልተለየው ሰው መሆን አለበት። ነገር ግን ፊት የሚመጣበት መንገድ መርዶም የሚመጣበት መንገድ ሆነ። በአገራችን ሥርዓት መርዶ ብቻውን አይላክም ነበር። ሊነጋ ሲል ሽማግሌና የቅርብ ዘመድ ተሰብስቦ ይሄዳል፤ ስትወድቅ የምትይዛት ሴት ካጠገቧ ትቆማለች፤ ውሃ ይዘጋጃል። በስደት ያሉትም ወገኖቻችን ይህን ሥርዓት አልተዉም፤ ወዳጆች ተጠራርተው በማለዳ ከሐዘንተኛው ቤት ይደርሳሉ።

የአንዲት ባልቴት ጎረቤቴ ባል ባረፉ ጊዜ፥ ቤተ ዘመዱ በቤይሩት ያለችውን ልጅ የሚያረዳ ሰው ገና ሲፈልግ፥ አንድ የአጎት ልጅ የሟቹን ሥዕል ከሻማ ጋር አድርጎ በስልኩ አወጣው። ክፋት አልነበረበትም፤ አዝኖ ነው። ልጅቷ ሳሕን እያጠበች ሳለ ስልኩ በጠረጴዛው ላይ በራ፤ በእርጥብ እጇ ልትከፍተው ብትሞክር እንቢ አላት፤ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ከፈተችው። ያን ጊዜ ካጠገቧ ማንም አልነበረም። ከዚያ ደወለች፤ ድንኳኑን አሳዩኝ፥ የተኛበትን አልጋ አሳዩኝ አለች። ወንድሟ ስልኩን ይዞ በለቀስተኛው መካከል ሲዞር፥ እርሷ ያየችው የሰው ትከሻና ሰማይ ነበር። በመካከሉም ካርዱ አለቀ።

ባልቴቷ አሁንም በየማታው በሁለት ሰዓት ስልካቸውን በጕልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ሲጠራ ያነሡት ዘንድ አረንጓዴውን ምልክት በጣታቸው ይገፉታል፤ ዕድሜ ልካቸውን ጥጥ የፈተለው፥ እንጀራም የጋገረው ጣታቸው ደርቋልና መስተዋቱ አይሰማቸውም። መጥራቱን ሳያቆም ጣታቸውን በምራቃቸው አርጥበው እንደገና ይገፉታል።