መርሶ የሰጣቸው ስሞች

ፖርት የተባለው ወይን ጠጅ ስሙን ያገኘው ከፖርቶ ከተማ ነው፤ ወይኑ የሚበቅለው ግን ከከተማዋ በስተምሥራቅ ርቆ፣ በዱሮ ወንዝ ገደላማ ዳርቻ ነው። የፖርቱጋል መንግሥት የወይኑን አገር እ.ኤ.አ. በ1756 ከልሎታል። ቀድሞ በርሜሉ በጀልባ ወንዙን ተከትሎ ይወርድና ከፖርቶ ማዶ፣ በቪላ ኖቫ ደ ጋያ መጋዘኖች ይከርም ነበር። እንግሊዛውያን ነጋዴዎችም መርከብ በጫኑበት ወደብ ስም ጠሩት። የከተማዋ ስም ራሱ በላቲን «ወደብ» ማለት ነው፤ በግእዝ መርሶ የምንለው።

መርሶን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። በሲሲሊ ምዕራባዊ ጠረፍ ማርሳላ የምትባል ከተማ አለች። ጆን ዉድሃውስ የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1773 ወይን ጠጇን አረቄ እየጨመረበት ወደ አገሩ ከላከ ወዲህ ስሟ የመጠጥ ስም ሆነ። ስሙን የሰጧት ዐረቦች ናቸው፤ «ማርሳ ዐሊ»፣ የዐሊ ወደብ፣ ወይም «ማርሳ አላህ» ተብሎ ይተነተናል። ዐረብኛው ማርሳና ግእዙ መርሶ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። እንግዲህ ፖርትና ማርሳላ አንዱ በላቲን፣ ሌላው በሴም ቋንቋ፣ ሁለቱም «ወደብ» ተብለዋል። የእነዚህ ወይን ጠጆች ስም ከእርሻው ይልቅ የነጋዴውን መንገድ ይነግረናል የምለው ለዚህ ነው።

ሼሪም እንዲሁ ዐረብኛ አልፎበታል። የስፔኗን ኼሬስን ዐረቦች ሸሪሽ ይሏት ነበር። እንግሊዞች መጠጡን «ሼሪስ» አሉት፤ ኋላ መጨረሻዋን «ስ» የብዙ ቁጥር ምልክት አድርገው ስለወሰዷት ቆረጧት።

አረቄ የሚጨመረው ወይኑ በረጅሙ የባሕር ጉዞ እንዳይበላሽ ነበር፤ የሚጨመርበት ሰዓት ደግሞ ጣዕሙን ይወስናል። ፖርት ላይ ፍላቱ ሳያበቃ ይጨመራል፤ እርሾው ይሞትና ያልፈላው ስኳር ይቀራል። ስለዚህ ይጣፍጣል፣ የአልኮል መጠኑም ወደ 20 በመቶ ይደርሳል። ሼሪ ላይ ግን ፍላቱ ካለቀ በኋላ ስለሚጨመር፣ ሆን ተብሎ ካልጣፈጠ በቀር ደረቅ ነው።

አረቄ የሚለውም ቃል ከዐረብኛው «ዐረቅ»፣ ከላብ፣ የመጣ ነው። እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ሲል ላብ መስሎ ስለሚታይ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን አልኮል ነው። «አል-ኩሕል» በዐረብኛ እኛ ኩል የምንለው፣ ሴቶች ዓይናቸውን የሚኳሉበት ዱቄት ነው። የአውሮፓ አልኬሚስቶች ቃሉን ለማንኛውም የላመ ዱቄት፣ ቀጥለውም ከማንኛውም ነገር ለተጣራ ምርጡ ክፍል አዋሉት። በ16ኛው መቶ ዘመን ፓራሴልሰስ የወይንን መንፈስ «የወይን አልኮል» አለው፤ ከጊዜ በኋላ «የወይን» ተጣለና አልኮል ብቻውን ቀረ።

ቀይ ወይን ጠጅ አፍን የሚያኮማትረው ከፍሬው ልጣጭና ዘር በሚወጣው ታኒን ነው። ቃሉ «ታን» ከሚለው፣ ቆዳ ፋቂዎች ቆዳ ከሚያለፉበት የባሉጥ ቅርፊት ስም የተወለደ ነው። በበርሜል ብዙ ዓመት ቆይቶ ቀይነቱ ወደ ቡናማ የዞረው ፖርት «ቶኒ» የሚባለውም የለፋ ቆዳ መልክ ስላለው ነው፤ ስሙ ከዚያው ከታን ይወጣል። ወጣቱና ደማቁ ፖርት ደግሞ በቀዩ ዕንቁ ስም «ሩቢ» ይባላል።

ወይን የሚለው ቃል ከየት ተነሣ የሚለው ጥያቄ ሊቃውንትን ገና ያከራክራል፤ ግሪኩ ኦይኖስ፣ ላቲኑ ዊኑም፣ ጆርጂያኛው ግቪኖ ይመስሉታል። ዕብራይስጡ ግን ያይን ይላል፤ ወለደን ያላድ፣ ወረደን ያራድ እንደሚለው ሁሉ የቃል መነሻዋን «ወ» ወደ «የ» ለውጧታል። ግሪኩም የጥንት «ወ»ውን ጥሏል። ግእዝ ጠብቋታል፤ አማርኛም ወርሷታል። አማርኛ በዚህ ላይ ጠጅን ጨመረበት፤ ወይን ተክሉና ፍሬው፣ ወይን ጠጅ መጠጡ ሆነ። ቃሉ ለነጩም መጠጥ ይሠራል፤ ወይን ጠጅ የሚባል ቀሚስ ግን ምንጊዜም የቀዩን መልክ የያዘ ነው።