ከመንገድ ዳር ድንጋይ እስከ ዜሮ ቆይታ፦ የማይልስቶን አጭር ታሪክ



በፕሮጀክት መርሐ ግብር ሶፍትዌሮች ላይ በአልማዝ ቅርጽ የምናየው ማይልስቶን ስሙን የወረሰው ከመንገድ ዳር ድንጋይ ነው። ሮማውያን በየ1,000 ጥንድ እርምጃው፣ ማለትም በየ1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ድንጋይ እያቆሙ ርቀት ይቀርጹበት ነበር። ድንጋዩ መንገደኛውን አያራምደውም፤ የት እንደደረሰ ግን ያሳውቀዋል።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካዊው መሐንዲስ ሄንሪ ጋንት ሥራን ከጊዜ ጋር የሚያነጻጽር የአግዳሚ መስመሮች ሰንጠረዥ አስተዋወቀ። ሰንጠረዡ የእያንዳንዱን ሥራ ቆይታ ቢያሳይም፣ የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚጠብቅ በግልጽ አያመለክትም ነበር።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ከተደረጉት ጥረቶች ዝነኛው የተወለደው በቀዝቃዛው ጦርነት ነው። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1957 ስፑትኒክን ካመጠቀች በኋላ፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ የሚተኮሰውን የፖላሪስ ሚሳይል ሥራ አፋጠነ። በ1958ም ፐርት የተባለው ስልት ተቀረጸ። ፐርት ተግባርን ከኩነት ለየ። ተግባር ጊዜና ሀብት ይፈጃል፤ ኩነት ግን ቅጽበት ነው፤ ወይ ሆኗል፣ ወይ አልሆነም። የዛሬው ማይልስቶን ቆይታው ዜሮ የሆነበት ምክንያት ከዚህ አስተሳሰብ ጋር የተያያዘ ነው።

ሚሳይሉ በ1960 ከባሕር በታች በተሳካ ሁኔታ ሲተኮስ የፐርትም ዝና ገነነ። ይሁን እንጂ ሃርቪ ሳፖልስኪ በ1972 ባሳተመው ጥናት፣ ስልቱ ሥራውን ከመምራት ይልቅ ፕሮጀክቱን ከውጭ ጣልቃ ገብነት ለመከለል ይበልጥ እንደጠቀመ ተከራክሯል። እንግዲህ ጥያቄው ከጥንት ጀምሮ አብሮን ያለ ነው፦ ምልክቱ እውነቱን ያሳያል ወይስ ይሸፍናል?

ከ1980ዎቹ ወዲህ እንደ ማይክሮሶፍት ፕሮጀክትና ፕሪማቬራ ያሉ ሶፍትዌሮች ይህን መሣሪያ በየቢሮው አዳረሱት፤ ጥያቄውም አብሮ ገባ። «ዲዛይኑ 80 በመቶ ደርሷል» የሚለው ማይልስቶን ሊሆን አይችልም፤ «ዲዛይኑ ጸድቆ ተፈረመ» የሚለው ግን ይሆናል። እንዲሁም ማይልስቶኑን ከቀዳሚ ሥራዎቹ ጋር ካስተሳሰርነው፣ ሥራው ሲዘገይ እርሱም አብሮ ይገፋል፤ መዘግየቱም ይታያል። በማይነቃነቅ ቀን ከቸነከርነው ግን ሥራው ወደኋላ ቀርቶ እንኳ ምልክቱ ባለበት ይቆማል። የማስረከቢያውን ቀን ለብቻው እንደ ቀነ ገደብ መመዝገብ፣ ማይልስቶኑን ደግሞ ሥራው እንዲያንቀሳቅሰው መተው የሚገባው ስለዚህ ነው።

መንገዱን ሳይሄዱ ድንጋዩን ወደ ራስ ማቅረብ መድረስ አይደለም።