ኅዳር 10 በታሪክ፦ የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔና ሌሎች የዕለቱ ክንውኖች

ኅዳር 10 ቀን ለሐዋሳ ከተማና ለአካባቢዋ ሕዝብ ልዩ ሥፍራ ያለው ዕለት ነው። በ1952 ዓ.ም. በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ የተቆረቆረችው ከተማ የአዲስ ክልል መቀመጫ ለመሆን የበቃችው በዚህ ዕለት በተሰጠ የሕዝብ ድምፅ ነው። ዕለቱ በዓለም ታሪክም የሚታወስባቸው ልዩ ልዩ ክንውኖች አሉት።

በኢትዮጵያ

2012 ዓ.ም.፦ በሐዋሳ ከተማና በቀድሞው የሲዳማ ዞን ወረዳዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ለመራጮች የቀረቡት ሁለት ምልክቶች ሲሆኑ፣ ጎጆ በደቡብ ክልል ውስጥ መቆየትን፣ ሻፌታ ደግሞ ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል መሆኑን የሚወክሉ ነበሩ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ከሦስት ቀናት በኋላ ባስታወቀው ውጤት መሠረት 98.51 በመቶ ድምፅ ለሻፌታ ተሰጥቷል።

የሕዝበ ውሳኔው መነሻ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 ነው። በአንቀጹ መሠረት ጥያቄው በብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ተቀባይነት አግኝቶ በጽሑፍ ሲቀርብ፣ የክልሉ ምክር ቤት በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ማደራጀት ይኖርበታል። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት ጥያቄውን ያጸደቀው ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በመሆኑ የጊዜ ገደቡ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. አበቃ። ድምፁ በወቅቱ ባለመሰጠቱ በተከሰተው ሁከት የሰው ሕይወት መጥፋቱ የሚታወስ ነው። በመጀመሪያ ለኅዳር 3 ቀን ተይዞ የነበረው የድምፅ መስጫ ቀንም በአንድ ሳምንት ተራዝሞ ኅዳር 10 ሆኗል። ዕለቱ በሰላም ተጠናቋል።

የደቡብ ክልል ምክር ቤት ሰኔ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ሥልጣኑን ያስረከበ ሲሆን፣ ሲዳማ የፌዴሬሽኑ 10ኛ ክልል ሆኗል። ሐዋሳ ለተወሰነ ጊዜ የሁለት ክልሎች መቀመጫ ሆና ብትቆይም፣ የቀድሞው የደቡብ ክልል በ2015 ዓ.ም. በአዳዲስ ክልሎች ከተተካ ወዲህ የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ ናት።

በዓለም

1952 ዓ.ም.፦ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባዔ የሕፃናት መብቶች መግለጫን አጸደቀ።

1962 ዓ.ም.፦ የአሜሪካዋ አፖሎ 12 መንኮራኩር ሁለት ጠፈርተኞችን ጨረቃ ላይ አሳረፈች። የሰው ልጅ ጨረቃን ሲረግጥ ይህ ሁለተኛው ጊዜ ነበር።

1970 ዓ.ም.፦ የግብፅ ፕሬዚዳንት አንዋር ሳዳት ኢየሩሳሌም ገቡ። እስራኤልን በይፋ የጎበኙ የመጀመሪያው የአረብ አገር መሪ ናቸው።

ልደት

1910 ዓ.ም.፦ የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ወይዘሮ ኢንድራ ጋንዲ።

1916 ዓ.ም.፦ እ.ኤ.አ. በ1991 በሥነ ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ደቡብ አፍሪካዊት ደራሲ ናዲን ጎርዲመር።

ኅልፈት

1968 ዓ.ም.፦ ስፔንን ለ36 ዓመታት የገዙት ጄኔራል ፍራንሲስኮ ፍራንኮ።

2006 ዓ.ም.፦ በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን ሁለት ጊዜ ያገኙት እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፍሬድሪክ ሳንገር።

ስለ ቀን አቆጣጠር

ኅዳር 10 በአብዛኛው ኖቬምበር 19 ቀን ይውላል። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ግን ኖቬምበር 20 ላይ ያርፋል። የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 2019 ተካሄደ የሚባለው በዚሁ ምክንያት ነው። በአንጻሩ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን መግለጫው በወጣ በ30ኛ ዓመቱ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 1989 ሲጸድቅ በኢትዮጵያ ኅዳር 11 ቀን 1982 ዓ.ም. ነበር። ስለሆነም በሁለቱም አቆጣጠሮች በሚዘጋጁ ደብዳቤዎችና ሰነዶች ላይ ዓመቱን ሳያዩ ቀኑን ብቻ መለወጥ የአንድ ቀን ስሕተት ያስከትላል። የጊዜ ገደብ በሕግ በሚቆጠርበት ጉዳይ ደግሞ የአንድ ቀን ልዩነት ቀላል አይደለም።