ኮሌስትሮል

«ኮሌስትሮል አለብኝ» ይላል ሰው፤ የሌለበት የለም። መጀመሪያ የተገኘው በሐሞት ጠጠር ውስጥ ስለሆነ ስሙም ሐሞትና ጠጣር ከሚሉ የግሪክ ቃላት የመጣ ነው። አብዛኛውን የሚሠራው ሰውነታችን ራሱ ነው፤ ለሕዋስ ሽፋንና ለሆርሞን ያስፈልገዋል። ችግሩ ኤልዲኤል የሚባለው ሲበዛ ነው፤ በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየተከማቸ መተላለፊያውን ያጠብበዋል። በፓልም ዘይት ጀሪካን ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» ተብሎ ቢጻፍ ውሸት አይደለም፤ ብልጣብልጥነት ግን ነው፤ ያ የሚረጋ ዘይት ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋልና። ቅጥነትም ዋስትና አይሆንም፤ የኤልዲኤል መብዛት በዘርም ይወረሳል። አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ስለማያሳይ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። ኤልዲኤል በዴሲሊትር 190 ሚሊግራም ከደረሰ አመጋገብ ማስተካከል ብቻውን ስለማይበቃ ሐኪሞች ስታቲን የሚባለውን ኪኒን ያዝዛሉ። ውጤቱ ተስተካከለ ብለው ኪኒኑን በራስዎ አያቁሙ፤ ሲያቋርጡት ተመልሶ ይጨምራል።