የግል ሀብት በትዳር አጋር ዕዳ ፊት፦ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጥበቃና ክፍተቶቹ

መግቢያ

የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ባልን የቤተሰብ ኃላፊ አድርጎ የኖረውን የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ክፍል ተክቶ፣ የጋራ ሀብት አስተዳደርን ለሁለቱም ተጋቢዎች እኩል ሰጥቷል። ዕዳ ሲመጣ ግን እኩልነት ብቻውን አያድንም። ሕጉ የግል ሀብትን የሚጠብቀው፣ የግል መሆኑን በማስረጃ ማሳየት ለሚችል ተጋቢ ብቻ ነው። ይህ መጣጥፍ የጥበቃው መሠረት ባለቤትነት ሳይሆን ማስረጃ መሆኑን፣ ሕጉም በሁለት ነጥቦች መሻሻል እንደሚገባው ያስረዳል።

ሀብቱ የማን ነው?

ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ወይም በጋብቻ ጊዜ በውርስ ወይም በስጦታ ለአንደኛው ተጋቢ የደረሰ ንብረት የግል ነው (አንቀጽ 57)። ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢ ግን የጋራ ነው (አንቀጽ 62)፤ የወረሱት ሱቅ የግል ሆኖ ሳለ ኪራዩ የጋራ ይሆናል።

አስቸጋሪው ንብረት ሲለወጥ ነው። አንዲት ሚስት ከአባቷ የወረሰችውን ቤት ሸጣ በገንዘቡ ሌላ ቤት ብትገዛ፣ አዲሱ ቤት የግሏ የሚሆነው እሷ ጠይቃ ፍርድ ቤት እንዲሁ ሲወስንላት ነው (አንቀጽ 58/2)። ውሳኔው ከሌለ በጋብቻ ጊዜ በዋጋ የተገዛ ንብረት ሁሉ የጋራ ነው። በአንቀጽ 63 መሠረት ንብረቱ በአንደኛው ተጋቢ ስም ቢመዘገብም፣ ባለስሙ የብቻው መሆኑን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ከዚህም በላይ የንብረቱን የግል መሆን ያላወቀና ሊያውቅ ይገባው ነበር የማይባል ባለገንዘብ በዚህ ክርክር አይረታም። ስለዚህ ካርታ ላይ የሰፈረ ስም የሚታሰበውን ያህል ጋሻ አይሆንም።

ዕዳው የማን ነው?

አንቀጽ 70 ዕዳን በሁለት ይከፍላል። የአንደኛው ተጋቢ የግል ዕዳ በቅድሚያ ከባለዕዳው የግል ሀብት ይከፈላል፤ እሱ ከሌለ ከጋራ ሀብት ይወሰዳል። የሌላኛው ተጋቢ የግል ሀብት አይነካም። ለትዳር ጥቅም የተገባ ዕዳ ግን የሁለቱም የአንድነትና የነጠላ ዕዳ ስለሆነ፣ ከጋራ ሀብትም ከማንኛቸውም የግል ሀብትም ሊጠየቅ ይችላል።

ክርክሩም የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አንቀጽ 71 የተጋቢዎችንና የልጆቻቸውን መተዳደሪያ ለማሟላት እንዲሁም ቀለብ የመስጠት ግዴታን ለመወጣት የተገቡ ዕዳዎችን ከዘረዘረ በኋላ፣ ፍርድ ቤት የሚቀበላቸውን ሌሎች ዕዳዎችም ይጨምራል። ባል ለንግዱ የተበደረው ገንዘብ ትርፉ ለቤት ወጪ ውሏል ከተባለ፣ ባለገንዘቡ የሚስትን የውርስ ቤት ለመያዝ በር ያገኛል። ገንዘቡ የት እንደዋለ የሚያሳይ የባንክ ሰነድ ወሳኝ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ስምምነት፣ ጊዜና አፈጻጸም

የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ዋስ ለመሆን የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል (አንቀጽ 68)። ያልተስማማው ተጋቢ ውሉን ማስፈረስ የሚችለው ባወቀ በ6 ወር፣ ቢዘገይም ግዴታው በተገባ በ2 ዓመት ውስጥ ነው (አንቀጽ 69)። ንብረቱ በፍርድ አፈጻጸም ከተያዘ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 418 መቃወሚያ ማቅረብ፣ ተጋቢው በክርክሩ ተካፋይ ሳይሆን የተሰጠ ፍርድ መብቱን ከነካ ደግሞ በቁጥር 358 መቃወም ይቻላል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መሸጥ ስለሚችል ግን የአፈጻጸም ችሎትን መጠበቅ አያዋጣም።

ፍቺም ከዕዳ አያላቅቅም። ተጋቢዎች ዕዳው የአንደኛው እንዲሆን ቢስማሙ፣ ስምምነቱ ያልተቀበለውን ባለገንዘብ አያስገድድም፤ ከፋዩ የቀድሞ አጋሩን መልሶ ከመጠየቅ ያለፈ መፍትሔ የለውም።

መደምደሚያ

ሁለት ማሻሻያዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ የ500 ብር ጣሪያ በዛሬ የገንዘብ አቅም ማንኛውንም ተራ ብድር ስለሚያጠቃልል ድንጋጌውን ሊከበር የማይችል አድርጎታል፤ ገንዘቡ በየጊዜው እንዲስተካከል መደረግ አለበት። ሁለተኛ፣ አንቀጽ 70/1 ለአንደኛው ተጋቢ የግል ዕዳ የጋራ ሀብትን ሲያስይዝ የሌላኛውን ግማሽ ድርሻ በግልጽ አላስቀረም፤ ሕግ አውጪው ይህንን ድርሻ በግልጽ ድንጋጌ ሊያስከብር ይገባል።

እስከዚያው ጥንቃቄው የተጋቢዎች ነው። ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ የጋብቻ ውልን በጽሑፍ አድርጎ በአራት ምስክሮች ማረጋገጥ፣ የውርስና የስጦታ ሰነዶችን መጠበቅ፣ የግል ገንዘብን በተለየ ሒሳብ መያዝ፣ ግዢ ሲፈጸምም የአንቀጽ 58/2ን ውሳኔ ሳይዘገዩ መጠየቅ ይገባል። በጋብቻ ውስጥ የሚደረግ ውል ካለ ደግሞ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ውጤት የለውም (አንቀጽ 73)። ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው አንባቢ በሚኖርበት ክልል የሚሠራውን ሕግ አስቀድሞ ያረጋግጥ።